ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ሽንት ቤቱን በየማታው በበረኪና አጥባለሁ፤ ሕመሙ ግን ተመልሶ መጣብኝ»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ቤታችን ውስጥ ስድስት ሰዎች በአንድ መታጠቢያ ቤት እንጠቀማለን። ከጥቂት ወራት በፊት የባለቤቴ ወንድም አብሮን መኖር ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሽንት ስሸና እያቃጠለኝ፣ ቶሎ ቶሎም እያመላለሰኝ ሁለት ጊዜ ታመምኩ። በሁለተኛው ጊዜ እህቴ ከተረፋት አንቲባዮቲክ ሦስት ቀን ወስጄ ተሻለኝ። ለባለቤቴ መንገር ስለከበደኝ ሽንት ቤቱን በየማታው ራሴ በበረኪና አጥባለሁ፤ ጀርሙ ጨርሶ እንዲሞት የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም እቀላቅልበታለሁ። ሽታው ይከብዳል። ሁለት ሳምንት ሆነኝ ሳል ይዞኛል፤ አስም ያለባት ትንሿ ልጄም ማታ ማታ ትስላለች። ቤተሰብ የሚጋራው መታጠቢያ ቤት በየስንት ጊዜው መጽዳት አለበት? ከመቀመጫው ላይስ ምን ዓይነት በሽታ ሊይዘኝ ይችላል?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ጽዳት ቢሆንም ያስጨነቀዎት ነገር ደብዳቤዎ መሃል ላይ ተቀምጧል። ሕመሙ የጀመረዎት አዲስ ሰው ቤትዎ ከገባ ወዲህ ስለሆነ «ከእሱ የመጣ ይሆን?» ብለው ሰግተዋል፤ ለማንም ሳይነግሩም ከመቀመጫው ጋር ትግል ገጥመዋል። ይህን ስጋት መጀመሪያ ከልብዎ ላውጣልዎት። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከሽንት ቤት መቀመጫ አይያዝም። የባለቤትዎ ወንድም ምንም አላመጡብዎትም።

ይህን ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚያስከትለው ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ መኖሪያውም የራሳችን አንጀት ነው። የሴት የሽንት መውጫ ቧንቧ ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ባክቴሪያው ከፊንጢጣ አካባቢ ተነሥቶ ፊኛ ለመድረስ መንገዱ አጭር ነው። መቀመጫው የሚነካው ጭንንና መቀመጫን እንጂ የሽንት መውጫን አይደለም። በደብዳቤዎ ስሙን ያልጠሩት ሌላ ፍርሃትም እንዳለ ይሰማኛል። ከአባላዘር በሽታዎች ጨብጥም ሆነ ክላሚዲያ ከሰው ገላ ውጭ ብዙ አይቆዩም፤ ኤች አይ ቪም ከመቀመጫ አይተላለፍም። ስለዚህ ለባለቤትዎ ሊደብቁት የሚገባ ነገር የለም።

መቀመጫውን ላለመንካት ብለው ከፍ ብለው የሚሸኑ ከሆነም ይተዉት። በዚያ አቋቋም የዳሌ ጡንቻዎች በደንብ ስለማይላሉ ሽንት ፊኛ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ የቀረ ሽንት ደግሞ ለባክቴሪያ ይመቻል። ዘና ብለው ይቀመጡ።

አሁን ወደ በረኪናውና ወደ አሲዱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ቃሌን ማለዘብ አልችልም። ሁለቱን አይቀላቅሉ። ዛሬ ማታም፣ ትንሽም ቢሆን፣ መስኮት ተከፍቶም ቢሆን አይቀላቅሉ። በረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት አሲድ ሲነካው ክሎሪን ጋዝ ይለቃል። «ይከብዳል» ያሉት ሽታ ይኸው ጋዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር በተባለው ግንባር የጀርመን ጦር በጠላት ምሽጎች ላይ የለቀቀው ክሎሪን ነበር። መጠኑ አይወዳደርም፤ በሰውነት ላይ የሚሠራው ግን ተመሳሳይ ነው። ከዓይን፣ ከጉሮሮና ከሳንባ እርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ሆኖ የውስጡን ሽፋን ያቆስላል። ከአየር ስለሚከብድ ደግሞ ወደ ወለል ይወርዳል። ጎንበስ ብሎ የሚፈትግ ሰው አብዝቶ ይስበዋል፤ ቁመቷ አጭር የሆነች ልጅም እንዲሁ።

የሚያሳዝነው፣ ይህን ሁሉ ጉዳት የሚያስከትለው ድብልቅ ጽዳቱን እንኳ አያሻሽልም። ጀርም መግደል የነበረበት ክሎሪን በጋዝ መልክ ወደ አየር ይወጣል፤ ጀርሙን ሳይሆን እርስዎን ያገኛል። «ሽታው ከበረታ ጽዳቱ በረታ» የሚለው እምነት እንዴት እንደሚጸና አይቻለሁ። የጸዳ መታጠቢያ ቤት ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ሊኖረው አይገባም። ዓይንዎ እንባ ካፈሰሰ ሥራው ደኅና እየሄደ ነው ማለት አይደለም፤ ቶሎ ውጡ ማለት ነው።

መቀላቀል የሚባለው በአንድ ባልዲ ውስጥ ማፍሰስ ብቻ አይደለም። ሽንት ቤቱ ውስጥ አሲድ ጨምረው፣ በደንብ ውሃ ሳይለቁበት በረኪና ቢያፈሱም ያው ነው። ኮምጣጤም አሲድ ነው። አንዳንድ የመስታወት ማጽጃዎች አሞኒያ አለባቸው፤ አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባሉ ሌሎች መርዛማ ጋዞች ይፈጠራሉ። ወለል ላይ ወይም ጎድጓዳው ውስጥ የቆየ ሽንትም አሞኒያ ስላለበት በረኪና ከማፍሰስዎ በፊት ቦታውን በውሃ ያጥቡት። በረኪናን በፈላ ውሃ መበጥበጥም አይገባም፤ ኃይሉን ያጣል፣ ጭሱም ይጨምራል። የእኔ ምክር እንዲያውም ከዚህ ይጠብቃል። አሲዱን ከቤት ያውጡት። የኖራ ዝቃጭ ይዞ አልለቅ ላለ ጎድጓዳ ካላስፈለገ በቀር ለዘወትር ጽዳት አያስፈልግም፤ ካስፈለገም በረኪና ባልገባበት ቀን፣ ለብቻው ይሁን።

በስህተት ተቀላቅሎ ጋዙ ከሸተተዎት ሁሉንም ጥለው ይውጡ፤ ልጆቹንም ያውጡ። ባልዲውን ለመድፋት ተመልሰው አይግቡ። ንጹሕ አየር ወዳለበት ይሂዱ፣ የተረጨበትን ልብስ ያውልቁ፣ ዓይንዎን ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ያጥቡ። ወተት ጠጥቶ መተኛት አያድንም፤ ወተት የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፣ የተጎዳው ግን ሳንባ ነው። ከሁሉም በላይ ይህን ያስታውሱ፦ ከባዱ ጉዳት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ሰውየው ወዲያው ተሻለኝ ብሎ ከሰዓታት በኋላ ሳንባው ውሃ ይቋጥራል። ትንፋሽ ማጠር፣ ደረት መጨምደድ፣ ሲተነፍሱ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ወይም የከንፈር መጥቆር ካለ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው።

እርስዎ ግን ሁለት ሳምንት ሲያስልዎት ቆይተው «ሽታው ስለሚከብድ ነው» ብለው አለፉት! አስም ያለባት ልጅ በየማታው ስትስል እያዩም ጽዳቱን ቀጠሉ። ይህን በጥብቅ የምናገረው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም፤ አንድ ማታ እንኳ መጨመር ስለሌለበት ነው። ክሎሪን የነካው የመተንፈሻ ቧንቧ ለሳምንታት ተቆጥቶ ሊቆይ ይችላል፤ የልጅ አስም ደግሞ ለበረኪና ጭስ ብቻውን፣ ሳይቀላቀልም፣ ሊነሣ ይችላል። ደግነቱ መንስኤው ታውቋል፣ ሊቆምም ይችላል፤ ሕክምናም አለው።

የጽዳቱን ጥያቄ እንመልስ። ለስድስት ሰው መታጠቢያ ቤት የሚበጀው በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ፣ በሳምንት አንዴ ደግሞ ጠንከር ያለ ጽዳት ነው። የየማታ ዘመቻ አያስፈልግም። ከመቀመጫው ይልቅ ትኩረት የሚሹት እጅ የሚነካቸው ቦታዎች ናቸው፦ የውሃ መልቀቂያው፣ የቧንቧው እጀታ፣ የበሩ እጀታ፣ የመብራቱ ማብሪያ። በቤተሰብ መካከል ከመታጠቢያ ቤት የሚተላለፈው በአብዛኛው የሆድ በሽታ ነው፤ የሚሄደውም ከእጅ ወደ አፍ ነው። የሺጌላ ባክቴሪያ ከ10 እስከ 100 የሚሆን ብቻ ወደ ሆድ ቢገባ ሊያሳምም ይችላል፤ ስለዚህ ሳሙና ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ መጥፋት የለበትም። ልጆቹም ከሽንት ቤት ሲወጡ 20 ሰኮንድ ያህል በሳሙና እንዲታጠቡ ያስለምዱ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

በየቀኑ እነዚህን ቦታዎችና መቀመጫውን በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ ይጥረጉ፤ መጨረሻ ላይ ወለሉን ያድርቁ። ቅደም ተከተሉ ከንጹሑ ወደ ቆሻሻው ይሁን፦ መስታወቱና የእጅ መታጠቢያው ቀድሞ፣ ሽንት ቤቱ መጨረሻ። የሽንት ቤቱ ጨርቅ ለብቻው ይሁን፤ በቀለም ቢለዩት ማንም አይሳሳትም። ጨርቁ ታጥቦ ካልደረቀ በማግስቱ የሚያደርገው ቆሻሻውን ከቦታ ቦታ ማዛወር ነው። በሳምንት አንዴ ሁሉም ነገር በሳሙና ተፈትጎ ይታጠብ፤ ሻጋታ እንዳይዝ ከመታጠብ በኋላ መስኮት ወይም በር ይከፈት። ፎጣ ለየሰው ለየብቻ፣ የጥርስ ብሩሾችም ሳይነካኩ ቆመው ይድረቁ።

በረኪና የሚያስፈልገው ሰው ሲያስቀምጠው ወይም ሲያስመልሰው ነው። ያኔም መጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል፤ ቆሻሻ ባለበት ክሎሪኑ ይዳከማል። ከዚያ 5 በመቶ ከሆነው በረኪና 20 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 4 የሻይ ማንኪያ፣ በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ቦታው ላይ ለ10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ እንዲቆይ ያድርጉ፤ ከዚያ በውሃ ያጥቡ። የጠርሙሱ መለያ ላይ የተጻፈው መጠን ከዚህ ከተለየ መለያውን ይከተሉ። ጓንት ያድርጉ፣ በሩ ይከፈት፣ በመርጫ አይርጩት። የተበጠበጠው በማግስቱ አይሠራምና የተረፈውን ይድፉት። በመጠጥ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ በረኪና ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ልጅ ይጠጣዋል። ከጠጣም እንዲያስመልስ አይገፋፉት፤ አፉን በውሃ አስጉመጥምጠው ወደ ሕክምና ይሩጡ። ልጅዎ ባለችበት ደግሞ ይህን ሥራ እርስዎም እሷም ባትሠሩት እመርጣለሁ፤ ሳሉ እስኪለቃችሁ ሌላ ሰው ይረከብ። ቤት ውስጥ አራት ሌሎች ሰዎች አሉ፤ የባለቤትዎ ወንድምም ያግዙ።

አሁን ስለ ሽንቱ። የእህትዎ መድኃኒት ለእህትዎ ሕመም የታዘዘ ነው። ለስንት ቀን መወሰድ እንዳለበትም ሐኪም አልወሰነልዎትም። ለእርስዎ ባክቴሪያ ይሠራ አይሠራ አልታወቀም፤ ግማሽ የተወሰደ አንቲባዮቲክ ከሁሉ ጠንካራ የሆኑትን ባክቴሪያዎች አስቀርቶ ሊተው ይችላል፤ በሚቀጥለው ጊዜም የሽንት ምርመራው እንዲደበዝዝ ያደርጋል። ይህ ልማድ በጣም ያስቆጣኛል፤ ያለ ትእዛዝ የሚወሰደው የተረፈ ኪኒን ለሁላችንም የቀሩትን መድኃኒቶች እየበላ ነውና። ማቃጠሉ ከተመለሰ ምንም ከመውሰድዎ በፊት ሽንትዎ ይመርመር፤ ሁለት ጊዜ ደጋግሞዎታልና የሽንት ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውንና የሚሠራበትን መድኃኒት የሚለየው ምርመራ፣ እንዲሠራልዎ ይጠይቁ።

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከጎድን በታች ጎንን መውጋት ወይም ማስመለስ ከመጣ ሕመሙ ወደ ኩላሊት ወጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ይታዩ። እርጉዝ ከሆኑ ደግሞ ትንሽ ማቃጠልም ቢሆን አይጠብቁ።

እንዳይመለስብዎ የሚረዱ ነገሮች ቀላል ናቸው። ሲያጸዱ ከፊት ወደ ኋላ ያጽዱ፤ ሽንት አይያዙ፤ ከግንኙነት በኋላ ይሽኑ፤ ውሃ ይጨምሩ። ሽንት ደጋግሞ ያመማቸውና ትንሽ ውሃ ይጠጡ የነበሩ ሴቶች በቀን 1.5 ሊትር ሲጨምሩ የሕመሙ መመላለስ በግማሽ ያህል እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት አሳይቷል። በጸረ ተህዋስያን ፈሳሽ ብልትን ማጠብ ግን ይቅር፤ የሚጠብቁዎትን ባክቴሪያዎች ያጠፋል፣ ራሱም ያቃጥላል። ንጹሕ ውሃ ይበቃል።

ልጅዎን ዛሬ ወደ ሕክምና ይውሰዷት፤ እርስዎም እዚያው ሳንባዎን ያስመርምሩ። ከመሄድዎ በፊት የሁለቱን ጠርሙሶች መለያ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ምን ከምን ጋር እንደተቀላቀለ ነው።