ማርሚታው ከመፈታቱ በፊት

ጥያቄ፦ የምኖረው ሱሉልታ ነው። አንድ የናፍጣ ፒካፕና አንዲት ትንሽ የቤንዚን መኪና አሉን። ፒካፑ ከአዲስ አበባ ጭነት ይዞ በእንጦጦ በኩል ሲመለስ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ጉልበቱም ይደክማል። መካኒኩ ማርሚታው በጥላሸት ስለተደፈነ ቤንዚን አርከፍክፌ ላቃጥለው፣ ካልሆነም ሆዱን ቀድጄ ውስጡን ላውጣው ብሎኛል። ባለቤቴ ልጆቹን ትምህርት ቤት የምታደርስባት የቤንዚኗ መኪና ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከጭስ ማውጫዋ ውሃ ታንጠባጥባለች፤ ማርሚታዋም በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተበስቶ ተበይዷል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ በመጀመሪያ እባክዎ ማርሚታውን በቤንዚን እንዳያስቃጥሉ። የቤንዚን ተን በታፈነ ቆርቆሮ ውስጥ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ እሳት ሲያገኝ ስለሚፈነዳ፣ አጠገቡ የቆመ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ውስጡን ማውጣትም መፍትሔ አይደለም፤ የሞተሩን ድምፅ የሚያበርዱት በውስጡ ያሉት ክፍልፋዮችና የተበሳሱ ቧንቧዎች ስለሆኑ፣ እነሱ ከወጡ የሚቀረው ባዶ ቆርቆሮ ነው።

ጥላሸት ማርሚታው ውስጥ ይከማቻል እንጂ እዚያ አይፈጠርም፤ የሚመጣው በደንብ ካልተቃጠለ ናፍጣ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። ስለዚህ ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የናፍጣ ሞተር ጭነት ይዞ ዳገቱን ሲወጣ ጥቂት ቢያጨስ አይገርምም። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ሲደፈን፣ የኢንጄክተሩ አፍንጫ ናፍጣውን ማርከፍከፉን ትቶ ማንጠባጠብ ሲጀምር ወይም ፖምፓው ከልክ በላይ እንዲረጭ ሲደረግ ግን ጭሱ ይጠቁራል። ከሁሉ በፊት ፊልትሮውን አውጥተው ይመልከቱ፤ ብዙ ወጪ የሚቆጥበው ይህ ቀላል ሥራ ነው።

ማርሚታው በእርግጥ መደፈኑን ለማወቅ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከማርሚታው በፊት ያለውን መጋጠሚያ አስፈትተው፣ ትኩሱ ጭስ ጎማና የኤሌክትሪክ ሽቦ እንዳያገኝ ተጠንቅቀው፣ መስኮቶቹን ከፍተው አጭር ዳገት ይሞክሩ። ጉልበቱ ከተመለሰ የተደፈነው ማርሚታው ነው፤ ካልተመለሰ ችግሩ ያለው ወደ ሞተሩ ነውና ማርሚታውን አያድክሙት።

ማጽዳት የሚያስፈልግ ከሆነ ማርሚታው ወርዶ በእንጨት መዶሻ ቀስ እየተባለ ይመታ፤ የረገፈው ጥላሸት ይራገፍ፤ ከዚያም በሳሙና የተበጠበጠ ሙቅ ውሃ ተሞልቶ ይደር። ኮስቲክ ሶዳ አይጨመርበት፤ ብዙ ማርሚታዎች ከዝገት የሚጠብቃቸው የአሉሚኒየም ልባስ ስላላቸው ሶዳው ልባሱን ይበላዋል። በውስጡ የመስታወት ጥጥ ያለው ዓይነት ከሆነ ጨርሶ አይዘፈዘፍ። ሠራተኛው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የናፍጣ ሞተር ጭስን እ.ኤ.አ. በ2012 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። መኪናው አዲስ ሞዴል ከሆነና የጥላሸት ማጣሪያ ካለው፣ ማጣሪያው ሊመታም ሊዘፈዘፍም አይገባም፤ ሥራው የባለሙያ ነው።

የቤንዚኗ መኪና ጉዳይ ሌላ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ቧንቧው ከጋለ እንፋሎቱ አየር ላይ ይበተናል፤ በሱሉልታ ብርድ ተነሥታ ትምህርት ቤት ደርሳ የምትመለስ መኪና ግን የኋላ ማርሚታዋ ከሞተሩ ስለሚርቅ ሳይሞቅ ይቀራል፤ ውሃውም እዚያው ይጠራቀማል። የጠዋቱ ጠብታ እንግዲህ ሕመም አይደለም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ካልተቋረጠና የራዲያተሩ ውሃ ከጎደለ ግን ቶሎ ይታይ።

ብዙ ማርሚታዎች ይህ ውሃ እንዲወጣ ከሥራቸው ትንሽ ቀዳዳ ይደረግላቸዋል። በያጁ ቀዳዳውን ጉዳት መስሎት ደፍኖት እንዳይሆን እጠረጥራለሁ፤ በሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ መበሳቱን ይህ ሊያስረዳ ይችላል። ከውስጥ በዝገት ያለቀ ላሜራ ላይ ሦስተኛ ብየዳ ከማስደረግ በአዲስ ቢቀየር ይሻላል። ሲቀየር ማንጠልጠያ ጎማዎቹም አብረው ይታዩ። በሳምንት አንድ ቀን መኪናዋ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳትቆም ብትሄድ ውሃው ተንኖ ይወጣል።

እስኪቀየር ድረስ ግን ዝገት የበሳው ቀዳዳ ቸል አይባል። የሚያፈተልከው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ወደ መኪናው ውስጥ ቢገባ ልጆቹ ሳያውቁት ይመረዛሉ። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እንዳለ አስነሥተው የቧንቧውን ጫፍ በወፍራም እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ ቢይዙት የሚያፈተልክበት ቦታ ሲያፏጭ ይሰማል። ጠዋት መኪናዋ የምትሞቀው በር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ከሆነ፣ ከነገ ጀምሮ ወደ ግቢው አውጥተው ያሙቋት፤ ልጆቹም ከዚያ በኋላ ይግቡ።