ሂተሩ አልሞቅ ላለህ ወንድም፦ ዳሽቦርዱን ከማስፈታትህ በፊት ይህን አንብብ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። መኪናዋ አሮጌ ናት፣ ሂተሩ ለብ ያለ አየር ብቻ ይሰጣል፣ ፋኑ የመጨረሻው ቁጥር ላይ ካልሆነ አይሠራም፣ መስታወቱ ጭጋግ ይለብሳል፣ ጋራዡ ደግሞ «ዳሽቦርዱ ወርዶ ሂተር ራዲያተር (የሞተሩ ትኩስ ውሃ እያለፈበት የካቢናውን አየር የሚያሞቀው ትንሹ ራዲያተር) ይቀየር» ብሎሃል። «ላስፈታው ወይስ ሌላ የምሞክረው አለ?» ነው ያልከው። ለጊዜው ቁልፉን አትስጣቸው። የእኔም መኪና ያመማት ይኸው ነበር፣ የነገሩኝም ነገር ቃል በቃል ይኸው ነው።

1. ፋኑና ሙቀቱን ለያይተህ እያቸው፣ አንዱ ከሌላው ጋር አይገናኝም። የመጨረሻው ቁጥር ላይ የሚሠራ ከሆነ የፋኑ ሞተር ነፍስ አለው ማለት ነው። ዝቅ ያሉት ፍጥነቶች ከረንቱን በሚቀንስ ሬዚስተር በሚባል ዕቃ በኩል ያልፋሉ፣ የመጨረሻው ግን ሬዚስተሩን ዘሎ ቀጥታ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የተቃጠለው ሬዚስተሩ ነው። ብዙ ጊዜ በተሳፋሪው በኩል ካለው መሳቢያ ጀርባ፣ የፋኑ ንፋስ በሚያልፍበት ሳጥን ላይ በሁለት ብሎን ተይዞ ታገኘዋለህ። እዚያ የተቀመጠው ንፋሱ እንዲያቀዘቅዘው ነው። ስትነቅለው ሶኬቱን ልብ ብለህ እይ። የእኔ ላይ ነጩ ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ፣ አንደኛው እግር ዙሪያውን ቀልጦ ከሽቦው ጋር ተጣብቆ ነበር። እንዲህ ከሆነብህ ሬዚስተሩን ብቻ ቀይረህ እንዳትዘጋው፣ ሶኬቱም ይቀየር። ፋኑንም በጣትህ አሽከርክረው። ከከበደ ብዙ ከረንት ይስባል፣ አዲሱንም ሬዚስተር ይበላዋል። የእኔ ፋን ውስጥ የደረቀ ቅጠል ታጭቆ ነበር፤ ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው የአየር መግቢያ እየገባ የተከማቸ ነው። ያንን መግቢያ ጥረግ፣ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹንም ክፈት፣ ካልሆነ ዝናቡ እግርህ ሥር ይመጣል። «ፊውዙን በትልቅ ቀይረው» የሚልህ ካለ ከመኪናህ አርቀው፣ ሽቦ ማቃጠል ነው ትርፉ።

2. አሁን ወደ ሙቀቱ። ሞተሩ በደንብ ከሠራ በኋላ ሂተሩን ሙሉ ሙቅ ላይ አድርገህ ኮፈኑን ክፈት። ከሞተሩ ወደ ካቢናው ግድግዳ የሚገቡ ሁለት የጎማ ቱቦዎች አሉ። እጅህን ከሚሽከረከረው ነገር አርቀህ ሁለቱንም በጥንቃቄ ንካ። ሁለቱም የሚያቃጥሉ ከሆኑ ውሃው እየዞረ ነው፣ ጥፋቱ ውስጥ ያለው የአየር ማዞሪያ በር ወይም እሱን የሚስበው ሽቦ ጋ ነው። አንዱ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ወይ ሂተር ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይ የሂተሩ ቫልቭ (ወደ ሂተሩ የሚሄደውን ውሃ የሚከፍትና የሚዘጋው) አልተከፈተም። ቫልቩ አሮጌ መኪኖች ላይ በሽቦ ነው የሚሳበው፤ ሰው ውስጥ ሆኖ ማዞሪያውን ሲያንቀሳቅስልህ አንተ ከኮፈን ሥር ሆነህ ይንቀሳቀስ እንደሆነ እይ። ሽቦው ከማሰሪያው ወጥቶ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ፒንሳ ይበቃዋል። ሁለቱም እኩል ለብ ያሉ ከሆኑ ግን፣ ያንተም ጉዳይ ይህ ይመስለኛል፣ ቁጥር 3ን አንብብ።

3. ቴርሞስታት። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ከፊት ወዳለው ትልቁ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ፣ ሲሞቅ የሚከፍት ቫልቭ ነው። የእኔን መኪና ያየው ሰውዬ ኮፈን እንኳ አልከፈተም። በሹፌሩ መስኮት እጁን አስገብቶ አየር ማውጫው ላይ ትንሽ አቆየና «ሂተር ራዲያተሩ ሞቷል» አለ። «ቴርሞስታቱ ቢታይስ?» ብዬ ብጠይቀው ወደ ጋራዡ ልጆች ዞሮ እየሳቀ «ጋሼ፣ ለአሮጌ መኪና ቴርሞስታት ምን ያደርግላታል?» አለኝ። ልጆቹም ሳቁ። ዳሽቦርዱ ወረደ። መኪናዬን ልረከብ ስሄድ በፕላስቲክ ኩባያ ብሎን ሰጡኝ፤ «ምንድን ነው?» ስል «ትርፍ ነው» ተባልኩ። ከዳሽቦርድ የሚተርፍ ብሎን! እስከ ዛሬ ኮረኮንች ላይ ስወጣ መሪው ጀርባ የሆነ ነገር ይንኳኳል። ነባሩን ሂተር ራዲያተር ስጡኝ ብዬ ነበር፤ የመዳብ ነው፣ ቢያፈስ እንኳ ይበየዳል። «ጥለነዋል» አሉ። መዳብ የሚጥል ጋራዥ ካለ አሳዩኝ። በምትኩ ያስገቡት ስሱ አሉሚኒየም ነው። ሒሳቡን ከፈልኩ፣ ወደ ቤት ነዳሁ፣ ሂተሩ ለብ እንዳለ ነው። ተመልሼ ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አሮጌ መኪና እንዲህ ናት።»

ከዚያ በኋላ ነው ራሴ ኮፈን የከፈትኩት። ቱቦዎቹ እኩል ለብ ያሉ ናቸው። የሙቀት መለኪያው መርፌ ከታች ብዙም አይነሳ፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጭራሽ ወደ ቀዝቃዛው ይወርዳል። የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ይሞቃል፣ ውሃው ከመጀመሪያው ደቂቃ በራዲያተሩ እየዞረ ነው ማለት ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የቴርሞስታቱን ክዳን ፈታሁ፤ ውስጡ ባዶ! የቴርሞስታቱ ቦታ ዝገት ብቻ ይዟል። ከእኔ በፊት መኪናዋን የያዘ አንድ መካኒክ «እንዳትግል» ብሎ አውልቆ ጥሎታል። ይህን ልማድ የጀመረውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኛል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር የሥራ ሙቀቱ ላይ ለመድረስ ይቸገራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ተኖ አይወጣም። አንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የአቋራጩን መስመር (ውሃውን በራዲያተሩ ሳያልፍ ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን) የሚዘጋው ራሱ ስለሆነ፣ ሲያወልቁት ውሃው ራዲያተሩን ትቶ በአቋራጭ ይዞርና ጭራሽ ያግላል። ያንተ ደግሞ ኖሮ ክፍት እንደሆነ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፣ ምልክቱ አንድ ነው።

አዲስ ስትገዛ ላዩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር እይ፤ 82 ወይም 88 የሚሉ አሉ፣ መከፈት የሚጀምርበት ዲግሪ ነው። ለሞተርህ የታዘዘውን ውሰድ፣ ዝቅ ያለው ይሻላል የሚልህን አትስማ። ከመግጠምህ በፊት በድስት ውሃ አንጠልጥለህ አፍላው፣ ሲከፈት በዓይንህ ታየዋለህ። ስፕሪንጉ ያለበት ጎን ወደ ሞተሩ ነው የሚዞረው፣ ትንሿ የምትንቀሳቀስ ፒን ካለችው ደግሞ ወደ ላይ ትሁን፣ አየር የሚወጣው በእሷ ነው። ጓርኒሲዮኑን (በክዳኑ መጋጠሚያ መሃል ውሃ እንዳያፈስ የሚገባውን) አዲስ አድርግ፣ የድሮውን ፍቀህ አጽዳ። እኔ የገጠምኩት በካቻቢቴና በአንድ ቁልፍ ነው፣ መካኒክ አይደለሁም። ሞተሩን አስነስቼ ትንሽ እንደቆየሁ አየር ማውጫው ላይ እጅ ማቆየት አልተቻለም። ያ ሰውዬ እጁን ያስገባበት ያው ቀዳዳ ነው እንግዲህ።

አየሩን ሳታስወጣ ግን ጨርሻለሁ እንዳትል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ላይ አቁማት፣ የራዲያተሩን ክዳን ክፈት፣ ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርግ፣ አስነሳና አረፋው እስኪያቆም እየሞላህ ጠብቅ። ትኩስ ሞተር ላይ ክዳን አይነካም፣ ፊት ያቃጥላል። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ውሃ ሲንቆረቆር ከሰማህ ወይም ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጠው) ቀዝቅዞ ነዳጅ ስትሰጠው የሚሞቅ ከሆነ ወይ አየር አለ ወይ ውሃው ጎድሏል። አረፋው ጭራሽ አልቆም ካለ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ይመርመር፣ እዚያ ጋ እኔም አልገባበትም። ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከውሃ ጋር እኩል በእኩል ሙላ፣ የተለያየ ዓይነት አትቀላቅል፣ አንዳንዱ ሲቀላቀል ይረጋል። የፈሰሰውን ጥረገው፤ ውሻና ድመት ይልሱታል፣ መርዝ ነው።

የመስታወቱ ጭጋግ ላይ፦ በጨርቅ ጥረገውና ጨርቁን አሽት። ቅባት ቅባት ካለና ጣፋጭ ሽታ ካለው፣ በተሳፋሪው በኩል ምንጣፉም ከረጠበ፣ ያን ጊዜ ሂተር ራዲያተሩ በእውነት ያፈሳል፣ ጋራዡ ልክ ነው። ንጹሕ ውሃ ብቻ ከሆነ አየሩን ከውጭ እንዲገባ አድርገው፤ የውስጡን የሚያዞረው ላይ ከተውከው ትንፋሽህ ነው የሚመለስብህ። የጢስ ሽታ ካለ ግን ሌላውን ሁሉ ተውና የጭስ ማውጫውን መስመር አስፈትሽ። ከሞተር ክፍል የሚያፈስ ጢስ በዚያው አየር መግቢያ ይገባል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ራሱ ሽታ የለውም። በአየር የሚቀዘቅዙት የድሮ ቮልሶች ሙቀታቸውን ከጭስ ማውጫው ስለሚወስዱ የእነሱ ባለቤቶች በተለይ ይጠንቀቁ።

ቀዳዳ ይደፍናል የሚባለውን ዱቄት «ጨምርበት» ብለው ይመክሩሃል፣ እዚህም ከሥር የሚጽፉ አይጠፉም። መጀመሪያ የሚደፍነው የሂተር ራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ነው። ከተደፈነብህ ሁለቱን ቱቦዎች ነቅለህ በመውጫው በኩል በቀስታ ውሃ ልቀቅበት፣ ግፊት አታብዛ። ቱቦው ተጣብቆ አልወጣ ካለ ጠምዝዘህ አትጎትተው፤ በምላጭ በቁመቱ ሰንጥቀህ አውጣው። ቱቦ ርካሽ ነው፣ ቱቦው የሚሰካበት የሂተር ራዲያተሩ እግር ከተሰበረ ግን ዳሽቦርዱ የግድ ይወርዳል።

ቱቦዎቹን ነክተህ የትኛው ትኩስ እንደሆነ እዚሁ ጻፍልኝ፣ የሬዚስተሩን ሶኬትም ፎቶ አንሥተህ ለጥፈው።