የልጅ ሂሳብ ወይስ የአዋቂ? ለዕረፍት የሚወጡ ወላጆች ጠየቁ፣ እኔም መለስኩ

ሐምሌ ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ፣ እኛ ለገጣፎ ያለን ሰዎች ከጭቃው ቀጥሎ የምናወራው «ልጆቹን የት ይዘናቸው እንውጣ?» የሚለውን ነው። እኔ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሪዞርት መጀመሪያ ሪሴፕሽን፣ ኋላም ቡኪንግ ክፍል ዘጠኝ ዓመት ስለሠራሁ ጎረቤቱ ሁሉ ከመሄዱ በፊት ለእኔ ይደውላል። ዘንድሮ ስልኩ ሲበዛብኝ «ስለ ምግብ ያላችሁን ጥያቄ በሙሉ ሰብስባችሁ ላኩልኝ» አልኩ። የመጣው ከሞላ ጎደል ስለ አንድ ነገር ነው፦ ለልጁ የልጅ ሂሳብ ይከፈልለት ወይስ የአዋቂ? እነሆ መልሱ።

ጥያቄ፦ ልጄ 8 ዓመቱ ነው። ሆቴሉ «ለልጅ ግማሽ ዋጋ» ብሎኛል። ጓደኛዬ ግን የልጅ ፓኬጅ ገዝታ ልጇ እንደራበው መዋሉን ነገረችኝ። እንዴት ነው ነገሩ?

ሁለት የተለያየ ነገር በአንድ ስም ስለሚሸጥ ነው። አንደኛው፣ ልጁ እናንተ ከምትበሉት ቡፌ በግማሽ ሂሳብ የሚያነሳበት ነው። ሁለተኛው፣ ለልጁ ብቻ ተሠርቶ በሳህን የሚመጣለት ነው፦ ቺፕስ፣ ትንሽ ፓስታ፣ ሦስት አራት ፍሬ ናጌት፣ አንድ ብርጭቆ ጁስ። ሁለቱም «የልጅ» ይባላሉ፣ ዋጋቸውም ሊቀራረብ ይችላል፤ ሆድ ላይ ግን አይገናኙም።

አንድ ቅዳሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ስምንት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ ከዋና እንደወጣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ፀጉሩ ውሃ እያንጠባጠበ ቁጭ አለ። አባትየው ቡፌ ተሰልፎ እስኪመለስ ልጁ ሳህኑን ጨርሶ ካቻፑን በጣቱ እየጠረገ ነበር። ከዚያ ከአባቱ ሳህን አንድ ጥብስ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። አስተናጋጁ መጥቶ «ይቅርታ ጋሼ፣ ልጁ ከቡፌ ከበላ ሂሳቡ ይቀየራል» አላቸው። ሰውየው ብድግ ብለው «ልጄን ማጉረስ ተከለከለ?» ብለው ጮኹ፣ ምግብ ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየ። ሱፐርቫይዘሯ ጎበዝ ነበረችና «ያጉርሱት፣ ያጉርሱት» ብላ አበረደችው። እናንተ ግን ሁልጊዜ እንደዚያች ያለች አትገጥማችሁም።

ስለዚህ ስትደውሉ «የልጅ ስንት ነው?» አትበሉ። «ልጁ ከቡፌው ነው የሚያነሳው ወይስ ሳህን ነው የሚመጣለት?» በሉ። ከ7 ዓመት በላይ ከሆነና ዋና የሚወድ ከሆነ፣ ቡፌ በግማሽ ሂሳብ ካገኛችሁ ዓይናችሁን ሳታሹ ያዙት። ሳህን ብቻ ነው ካሏችሁ ግን የልጁን ፓኬጅ ትታችሁ በየሰዓቱ ከሜኑ ማዘዝ ይሻላል። ልጅ ውሃ ውስጥ ሲውል የሚርበው በምሳ ሰዓት ሳይሆን ቡፌው ሊነሳ ሲል ነው፤ ያንን የሚያውቁት የቡፌ አስተናጋጆች ናቸው፣ እነሱ ሳህን ማንሳት ሲጀምሩ ልጆቹ እየሮጡ ይመጣሉ።

ጥያቄ፦ «ፕላስ ፕላስ» የሚሉት ምንድን ነው? ሂሳቡ ሲመጣ ሁሌ ይጨምርብናል።

የመጀመሪያው ፕላስ ሰርቪስ ቻርጅ ነው፣ 10 በመቶ። ሁለተኛው ቫት ነው፣ 15 በመቶ፤ የሚሰላውም ሰርቪሱ ከተደመረ በኋላ ነው። 1000 ብር የተባለ ምሳ መጀመሪያ 1100፣ ከዚያ 1265 ይሆናል። የልጁ 500 ደግሞ 632 ብር ከ50። ሁለት አዋቂና ሁለት ልጅ «3000 ብር ነው» ተብላችሁ ከገባችሁ የምትከፍሉት 3795 ነው፣ አንድ ምሳ ብቻ። ማንም አላታለላችሁም፣ «ሁሉን ያካተተ ነው ወይ?» ብላችሁ ስላልጠየቃችሁ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 12 ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። በኦንላይን ስይዝ ግን እንደ አዋቂ ቆጠረብኝ። ስህተቱ የማን ነው?

የልደት ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር አስገብተው እንዳይሆን! ይሄ በሥራ ዘመኔ በየሳምንቱ ያጋጥመኝ ነበር። ጥር 2007 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ 2015 ነው የሚጻፈው። 2007 ብለው ከጻፉ ኮምፒውተሩ ስምንት ዓመት ጨምሮ ጎረምሳ ያደርግልዎታል። አስተካክለው ይሞክሩት።

ወደ ዋናው ስንመጣ፣ አብዛኞቹ ሆቴሎች 12 ሲሞላ አዋቂ ይላሉ፤ ከ5 ወይም ከ6 በታች ነፃ፣ መሃል ያለው ግማሽ። የሚታየው ብዙ ጊዜ የገባችሁበት ቀን ያለው ዕድሜ ነው። ስለዚህ በሁለት ሳምንት የሚቀድሙት እርስዎ ነዎት፤ የልደት ሰርተፍኬቱን በስልክዎ ፎቶ አንስተው ይያዙ። ልጅዎ ረጅም ከሆነ ደግሞ በእርግጠኝነት ይጠየቃሉ። «አድጎ ነው እንጂ» ማለት ሪሴፕሽን ላይ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ነሐሴ 5 ልንሄድ ነው፣ ፍልሰታ ነው። የ9 ዓመቷ ልጄ «እጾማለሁ» ብላለች፤ የ5 ዓመቱ አይጾምም። ለእሷ የልጅ ልግዛላት ወይስ የአዋቂ?

ጎሽ የኔ ልጅ በይልኝ። ሌላውን ጾም የማይጾም ልጅ እንኳን ፍልሰታን ይሞክራታል፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሆነች ደግሞ ከዕረፍታችን ጋር በየዓመቱ ትገናኛለች።

የልጅ ሜኑ ከላይ እስከ ታች የፍስክ ነው። ናጌቱ ዶሮ፣ ፓንኬኩ እንቁላልና ወተት፣ ፒዛው አይብ፣ መጨረሻው አይስክሬም። እነዚህን ስታወጪ የሚተርፈው ቺፕስና ቲማቲም የፈሰሰበት ፓስታ ነው። ልጅቷ ሁለት ቀን ሙሉ ቺፕስ በልታ በሦስተኛው ቀን ጾሙን ብትፈታ አትፍረጂባት። የጾም ቡፌው ግን ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ፎሶሊያው፣ ሱፍ ፍትፍቱ፣ ፍራፍሬው የተደረደረበት ነው። ስለዚህ ለእሷ ቡፌ በልጅ ሂሳብ ጠይቂ፤ እምቢ ካሉሽም ምሳዋን ብቻ በአዋቂ ክፈይላት፣ እራቷን አንድ በያይነቱ አዛችሁ አብራችሁ ብሉ።

ቁርስ ላይ ነው ገንዘብ የሚባክነው። የሆቴል ቁርስ እንቁላል፣ ክሩዋሳን፣ ወተት፣ እርጎ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት የምትቆይ ከሆነ የእሷን ቁርስ ጭራሽ አትግዢ። የማትቆይ ከሆነ ፍርፍሩ ቅቤ እንዳለው ወጥ ቤቱን አስጠይቂ፤ አስተናጋጁ «የለውም» የሚልሽ ሳያውቅም ሊሆን ይችላል። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየቤታችሁ ትቻለሁ።

የ5 ዓመቱ ነፃ የሚገባበት ቦታ ፈልጊ። እሱ የሚበላው ከአባቱ ሳህን ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው፣ ከልጄ ያነሰ ነው የምትበላው። የልጅ ፓኬጅ ብገዛላትስ?

እንደዚህ ያለ ጥያቄ ስሰማ ደስ ይለኛል። ቡፌ ከሆነ አይሆንም፣ እዚያ የሚቆጠረው ሰው ነው እንጂ ጉርሻ አይደለም። በሜኑ ከሆነ ግን አስተናጋጁን ዝቅ ባለ ድምፅ «ለእማማ መጠኑን ትንሽ አድርጉላት» ብትለው ይሆናል። እኔ የማውቃቸው እናቶች ግን ቡፌ ዳር ቆመው ሁሉንም ካዩ በኋላ «ሽሮ የለም?» ነው የሚሉት። ስለዚህ ለእሳቸው ፓኬጅ ጭራሽ አትግዛ፤ ቁርሳቸው ከክፍሉ ጋር ከተያዘ ይበቃል፣ ሌላውን ሲርባቸው እዘዝላቸው።

ጥያቄ፦ ከለገጣፎ ቢሾፍቱ ሁለት ሌሊት ለማደር ፉል ቦርድ ያስፈልጋል?

ፉል ቦርድ ማለት ቁርስ፣ ምሳና እራት ከክፍሉ ጋር አብሮ ሲከፈል ነው። ለቢሾፍቱ አልመክርም። ላንጋኖ ብትሉኝ አዎ እል ነበር፤ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ከሪዞርቱ ግቢ ውጪ ልጅ ይዛችሁ የምትበሉበት ቦታ እንደ ልብ አታገኙም። ቢሾፍቱ ግን ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከተማ ነው። በባጃጅ ወጥታችሁ ጥብሱንም ዓሣውንም ትበላላችሁ፣ ልጆቹም ባጃጁን ከምግቡ በላይ ይወዱታል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያየው ደግሞ ፉል ቦርድ ከየትኛው ምግብ ይጀምራል የሚለው ነው። ክፍል የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ስምንት ሰዓት ላይ ስለሆነ ፓኬጁ የሚጀምረው በእራት፣ የሚያልቀው በመውጫው ቀን ምሳ ነው። እናንተ ግን ቱሉ ዲምቱ ላይ ፍጥነት መንገዱን ይዛችሁ አምስት ሰዓት ላይ ደርሳችሁ፣ የመጀመሪያውን ምሳ ለብቻ ትከፍላላችሁ። በመጨረሻው ቀን ደግሞ «መንገዱ ሳይጨናነቅ እንውጣ» ትሉና የከፈላችሁበትን ምሳ ትታችሁት ትሄዳላችሁ። አራት ሰዎች ሆናችሁ ሁለት ምሳ እንዲህ ከጠፋ የልጅና የአዋቂ ልዩነት ብላችሁ የተጨቃጨቃችሁበት ብር ምንም ማለት አይደለም። ቁርስ ያለበትን ክፍል ያዙ፣ የቀረውን እየበላችሁ ክፈሉ።

ጥያቄ፦ ልጃችን ዓመት ከስምንት ወሯ ነው። የራሷን ምግብ ይዘን ብንገባ ይከለክሉናል?

«የውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው» የሚለው ማስታወቂያ ለእሷ አይደለም፣ ለቅርጫ ሥጋ ይዘው ለሚመጡት ነው። አጥሚቷንም ወተቷንም ያዙ፣ በር ላይ ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ። ወጥ ቤት ሙቅ ውሃ ይሰጣችኋል። የልጅ ወንበር ካለ ስልክ ስትደውሉ አስይዙ፤ በእኛ ጊዜ ለዚያ ሁሉ ጠረጴዛ ሁለት ብቻ ነበሩ፣ የአንዱ ቀበቶም የተበጠሰ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ አሜሪካ ጋብዞን ፍሎሪዳ ዲዝኒ ወርልድ ሊወስደን ነው። ልጆቼ 10 እና 6 ናቸው። የምግብ ፕላን ግዙ ተባልን።

እዚያ መስመሩ ከእኛው ይለያል። ልጅ የሚባለው ከ3 እስከ 9 ዓመት ነው፤ 10 ከሞላ አዋቂ ነው። ስለዚህ የ10 ዓመቱ ልጅ የአዋቂ ይከፈልለታል፣ የሚበላው የልጅ ያህል ቢሆንም። ከ3 በታች ፕላን አያስፈልገውም። አንዱ ገዝቶ ሌላው የሚቀርበት አሠራርም የለም፤ በአንድ ቡኪንግ ያላችሁ ሁሉ አብራችሁ ነው የምትገዙት። ትልቁ በልቶ የማይጠግብ ከሆነ ይሁን። ቀንጠብ ቀንጠብ የሚያደርግ ከሆነ ግን ወንድምዎን «እየበላን እንክፈል» ይበሉት፤ በይሉኝታ ዝም ካሉ ወጪው የእሱ ነው። አውሮፕላኑ ላይ ደግሞ ሁለቱም ልጅ ናቸው፣ ከ2 እስከ 11 ዓመት ነውና። የልጅ ምግብ ከፈለጉ ከበረራው ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት ማዘዝ እንዳይረሱ።

ጥያቄ፦ እኛ ሙስሊም ነን። የልጅ ሜኑው ሥጋ አለበት። ምን እናድርግ?

ስትደውሉ ሃላል ወጥ ቤት ለብቻው አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። «አዎ፣ ችግር የለም» የሚል ፈጣን መልስ አትመኑ፣ ሼፉን አገናኙኝ በሉ። ካልሆነ የጾም ምግቡና ዓሣው አለላችሁ። ለልጆች ዓሣ ስታዙ ፊሌቶ በሉ፤ ሙሉው ዓሣ ጥብስ ሲመጣ ያምራል፣ ግን እናትየው እሾህ ስትለቅም ምሳዋ ይቀዘቅዛል።

ጥያቄ፦ አንድ የአዋቂ ገዝተን ሁለቱ ልጆች ቢካፈሉስ?

ቡፌ ላይ አይፈቀድም። በሜኑ ግን ማን ይከለክላችኋል? እኛ እኮ ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው፤ ይሄ ለየሰዉ የሚቆጠር ፓኬጅ ሳህን ለየብቻ ይዞ ለሚበላ ሰው የተሠራ ነው። ሁለት የአዋቂ በያይነቱ ወይም አንድ ክትፎና አንድ ጥብስ፣ ተጨማሪ እንጀራ፣ ዙሪያውን አራት ሰው። ደረሰኙ ላይ ልጅ የሚባል ነገር አይኖርም።

ጥያቄ፦ የተረፈውንስ ማስቋጠር ይቻላል?

ከሜኑ ያዘዛችሁትን በደንብ፣ ገንዘባችሁ ነው። ከቡፌ አይቻልም። ልጃችሁ ግን ሁለት ሙዝ ኪሱ ከትቶ ሲወጣ ያየ አስተናጋጅ ፊቱን ያዞራል፤ እኔም አዙሬ አውቃለሁ።