ነጠላው ጠርዝ ላይ ስለሚወጣው ሐምራዊ መስመር፣ ሌንስሽን ከመሸጥሽ በፊት

ሰላም እህቴ። ከ70 እስከ 300 ሚሊ ሜትር በሚረዝመው ዙም ሌንስ (70-300) ጃን ሜዳ ያነሳሻቸው የጥምቀት ፎቶዎች 300 ላይ ሲደርሱ የነጠላው ጠርዝ ሐምራዊና አረንጓዴ መስመር እያወጣ አስቸግሮሻል። ተበላሽቷል ወይ፣ ልሽጠው ወይ ነው ጥያቄሽ። አልተበላሸም። አትሽጪው። እኔም እንዳንቺ ደንግጬ ስለነበር የደረሰብኝን ልንገርሽ።

ብርጭቆ ሁሉንም ቀለም እኩል አይሰብርም። ሰማያዊውን አብዝቶ፣ ቀዩን አሳንሶ ይሰብራል። ስለዚህ ከአንድ ነጥብ የተነሳ ነጭ ብርሃን ሌንሱን አልፎ ሲመጣ ቀለሞቹ እኩል ቦታ ላይ አያርፉም። ክሮማቲክ አበሬሽን የሚሉት ይሄ ነው። ሌንሱ በረዘመ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል፤ 70 ላይ ያላየሽው 300 ላይ የወጣው ለዚህ ነው። ፀሐይ የመታው ነጭ ነጠላ ከጥቁር ካባ አጠገብ ሲሆን ደግሞ ምንም አይደበቅም።

ችግሩ የቆየ ነው። ኒውተን በሌንስ መፍትሔ የለውም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1668 በሌንስ ፋንታ ብርሃን በሚያንጸባርቅ መስተዋት የሚሠራ ቴሌስኮፕ ሠራ። በ1758 ጆን ዶሎንድ ሁለት ዓይነት ብርጭቆ በተጣመረበት ሌንስ ላይ የፈጠራ መብት አገኘ። ይህ ሁለት ቀለም አንድ ቦታ ላይ ያገናኛል፣ የቀሩት ግን ትንሽ ይስታሉ። ካኖን በ1969 ፍሎራይት ክሪስታል ያለበት 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያወጣው፣ ኒከንም ቀለምን እምብዛም የማይበትነውን ኢዲ የሚባል ብርጭቆ ያመጣው እነዚያን የቀሩትን ለመሰብሰብ ነው። ትልልቆቹ ሌንሶች እንዲህ ከሚወደዱበት ምክንያት አንዱ ይሄው ነው።

አሁን ወደ አንቺ ፎቶ። መጀመሪያ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዪ፣ ሁለት ነውና። አንደኛው ፎቶው ዳርና ዳር ላይ ብቻ የሚታየው ነው፤ መሃሉ ንጹሕ ሆኖ ወደ ጥግ ስትሄጂ የአንድ ነገር አንዱ ጎን ቀይ፣ ሌላው ጎን ውሃ ሰማያዊ ይሆናል። አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) ብታጠቢው አይለወጥም። ግን አትጨነቂ፣ ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ አንድ ሳጥን ምልክት ስታደርጊ ይጠፋል፤ ብዙ ካሜራዎችም ጄፔግ ላይ ራሳቸው ያስተካክሉታል። ሁለተኛው መሃልም ላይ ይወጣል፣ እልኸኛውም እሱ ነው። ከፎከሱ (ጥርት ብሎ ከሚታየው ቦታ) ፊት ያለው ሐምራዊ፣ ከኋላው ያለው አረንጓዴ ይሆናል። ለመለየት ጋዜጣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ መሃሉ ላይ ፎከስ አድርጊና ሰያፍ አንሺው፣ መጀመሪያ አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ከፍተሽ፣ ቀጥሎ ኤፍ 8 ላይ (የኤፍ ቁጥር ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)። የፊትና የኋላ ፊደላት ቀለም ካወጡና ኤፍ 8 ላይ ከቀነሱ ሁለተኛው ነው። ከነገርሽኝ ስነሳ የአንቺ ይሄኛው ይመስለኛል።

መፍትሔው ታዲያ ኤፍ 8 ላይ ማንሳት ነው። ኤፍ 16 ድረስ ግን አትሂጂ፣ ፎቶው በሌላ ምክንያት ይደበዝዛል። ነጠላው እንዳይቃጠልም (ከብርሃን ብዛት ነጭ ብቻ እንዳይሆን) ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም የሚገባውን ብርሃን፣ ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ (የብርሃን መለኪያ ነው) ያህል ቀንሺ። ነጩ ሲቃጠል ሐምራዊው መስመር ይብስበታል። ሮው (ካሜራው ያላስተካከለው ጥሬ ፋይል) አንሺ፣ የጨለመውን ጥላ በኋላ ታበሪዋለሽ።

የተረፈውን ላይትሩም ውስጥ ዲፍሪንጅ በሚባለው የጠርዝ ቀለም ማጥፊያ ታጠፊዋለሽ። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ! እኔ ሐምራዊውን መስመር ላጥፋ ብዬ ጎትቼ የካህናቱ ሐምራዊ ከፋይ ጃንጥላ ጠርዙ ግራጫ ሆኖ ወጣ፣ ያውም ሙሉ አልበሙን አስረክቤ ከጨረስኩ በኋላ ነው ያየሁት። ያንን ጃንጥላ በብሩሽ ቀብተሽ ዲፍሪንጁን ወደ ኔጌቲቭ ብትጎትቺው ቀለሙ ይጠበቅልሻል።

ሌንሱን ለጠጋኝ እንዳትሰጪ። እኔ ሰጥቼ ነበር። ተፈትቶ ተገጥሞ ሲመለስ መስመሩ እንዳለ ነው፣ በዚያ ላይ ፎቶው በግራ ጥርት፣ በቀኝ ብዥ ማለት ጀመረ። ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች በጥቂቱ ቢዛነፉ እንኳን እንዲህ ይሆናል። የቀለሙ መስመር የዲዛይኑ ባሕርይ ስለሆነ ማንም ፈትቶ አያወጣውም።

ሌላው፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ከሩቅ ያነሳሻቸው ላይ የሚታየው ብዥታ የሌንሱ ላይሆን ይችላል። መሬቱ ሲግል አየሩ ይርገበገባል፣ 300 ላይ ደግሞ ያንን አጉልቶ ያመጣዋል። ለዚህ ውድ ሌንስም አያድንም። ጠዋት 1 ሰዓት አካባቢ አንሺ፣ ወይም ቀረብ በይ።

ቴሌኮንቨርተር (ከሌንሱ ኋላ የሚገጠም ማጉያ) ልጨምርበት ያልሽውንም ተይው፣ ጉድለቱንም አብሮ ያሳድገዋል። ርካሽ ፊልተር ፊቱ ላይ ካለ አውልቀሽ ሞክሪ። የጋዜጣውን ሙከራ ስትጨርሺ የመሃሉንና የጥጉን ቁራጭ 100 ፐርሰንት አሳድገሽ እዚሁ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።