ቅዳሜ ማታ ብቻ ለሚጫወት ሰው የትኛው ጌም ይሻላል? ጥያቄና መልስ

ስለ ኮንሶል ጌም የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። መልሶቼ ሥራ፣ ትምህርት ወይም ልጅ ላለበት፣ በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ጆይስቲክ ለሚይዝ ሰው ናቸው። ስለዚህ "ከ10 ስንት ትሰጠዋለህ?" አትበሉኝ። እኔ የማየው ሌላ ነው። ጌሙ ከተከፈተ በኋላ መጫወት እስክትጀምር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? "እራት ቀርቧል" ስትባል ወዲያው ማቆም ትችላለህ? ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትመለስ የት እንደነበርክ ይገባሃል? ዓለም ያጨበጨበላቸው ብዙ ጌሞች እዚህ ላይ ይወድቃሉ።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ነው ያለሁት። ያገለገለ ፒኤስ 4 (ፕሌይስቴሽን 4) ልግዛ ወይስ ትንሽ ቆጥቤ ፒኤስ 5? አብዛኛውን ጊዜ የምጫወተው ኳስ ነው።

መልስ፦ ለኳስ ከሆነ ፒኤስ 4 አሁንም ያጫውትሃል። ኤፍሲ 25ም ኤፍሲ 26ም (ድሮ ፊፋ የምንለው የኳስ ጌም) ለእሱ ወጥተዋል። ኮንሶሉ የ2013 ቢሆንም ከኳስ ውጪም ብዙ አለው። የ2018ቱ ጎድ ኦፍ ዋር፣ የዚያው ዓመት ስፓይደርማን፣ ሌላው ቀርቶ የ2022ቱ ጎድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ ይሠሩበታል። ስፓይደርማን 2 ወይም አስትሮ ቦት ካማረህ ግን ፒኤስ 5 የግድ ነው።

ፒኤስ 5 ከገዛህ ዲስክ ማስገቢያ ያለውን ያዝ። ዲጂታል የሚባለው ዲስክ አይቀበልም፤ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስም እንደዚሁ። ዲስክ ከሆነ ጨርሰህ ታውሳለህ፣ ትቀያየራለህ፣ ትሸጣለህ። ያወረድከው ጌም ግን አካውንትህ ላይ ታስሮ ይቀራል። ያገለገለ ስትገዛ ደግሞ ሻጩ ፊት ጌም ክፈትና ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው። ማንም ሳይነካው ተጫዋቹ ብቻውን መሄድ ከጀመረ ዋጋ አስቀንስ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጌም ተጫውታ አታውቅም። አብረን የምንጫወተው፣ ኳስም ደም መፋሰስም የሌለበት ነገር አለ?

መልስ፦ ኢት ቴክስ ቱ። ሳላመነታ። የሠራው ሄዝላይት የሚባል የስዊድን ስቱዲዮ ነው። በ2021 ወጣ፣ በዚያው ዓመት በዘ ጌም አዋርድስ የዓመቱ ምርጥ ተባለ። ብቻህን ልጫወት ብትል አይሆንም፤ ሁለት ሰው ግድ ነው። ታሪኩ ሊፋቱ ስለወሰኑ ባልና ሚስት ነው። ልጃቸው ስታለቅስ እንባዋ አሻንጉሊቶቿ ላይ ይንጠባጠብና ወላጆቿ አሻንጉሊት ሆነው ይነቃሉ። ወደ ሰውነታቸው ለመመለስ፣ ቢጠሉም ቢወዱም፣ መተባበር አለባቸው።

ደስ የሚለው ሥራው የተከፋፈለ መሆኑ ነው። አንድ ቦታ ላይ ባልየው ምስማር ይወረውራል፣ ሚስትየዋ መዶሻዋን ምስማሩ ላይ አንጠልጥላ ትሻገራለች። ቆየት ብሎ እሱ ሙጫ ይረጫል፣ እሷ በክብሪት ታቀጣጥለዋለች። ምዕራፉ ሲያልቅ መሣሪያው ይወሰድና ሌላ ይሰጣችኋል፤ ስለዚህ የሰለቸ ነገር ብዙ አይቆይም። ብትሞቱም እዚያው አካባቢ ትነሳላችሁ።

ጀማሪን የሚያስቸግረው መዝለልና መተኮስ አይደለም። በግራ አውራ ጣት እየሄዱ በቀኙ ካሜራውን ማዞር ነው። የመጀመሪያውን ሰዓት ባለቤትህ ግድግዳ ስታይ ልታሳልፍ ትችላለች። አትሳቅ። ጆይስቲኩንም "ቆይ እኔ ላሳልፍልሽ" ብለህ አትቀበላት፤ ያኔ ነው የሚያልቀው። መሃል ላይ ደግሞ አንዲት የአሻንጉሊት ዝሆን ላይ የሚደርስ ነገር አለ፤ ትንንሽ ልጆች አጠገባችሁ ባይኖሩ ይሻላል። ያ ትዕይንት ባይኖርም ታሪኩ ምንም አይጎድልበትም ነበር ባይ ነኝ።

ተራርቃችሁ የምትኖሩም ጠይቃችኋል፤ አንዱ ዱባይ፣ አንዷ አዲስ አበባ። አንዳችሁ ብቻ ብትገዙ ሌላው በፍሬንድስ ፓስ በነፃ ይገባል። ኢንተርኔቱ ከተባበረ ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ ፊፋ በየዓመቱ መግዛት አለብኝ? ስሙስ ለምን ተቀየረ?

መልስ፦ ስሙ የተቀየረው ጌሙን የሚሠራው ኢኤ ስፖርትስና ፊፋ የተባለው ፌዴሬሽን ውላቸውን ስላላደሱ ነው። በ2022 የወጣው ፊፋ 23 በዚያ ስም የመጨረሻው ሆነ፤ ከ2023 ጀምሮ ኤፍሲ ነው። ሰፈር ውስጥ ግን "ና ኤፍሲ እንጫወት" የሚል ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

በየዓመቱ መግዛት? በፍጹም። ከዓመት ዓመት የሚለወጠው በአብዛኛው ማሊያ፣ ዝውውርና ጥቂት የእንቅስቃሴ ማሻሻያ ነው። አንድ ዲስክ ለሁለት ሦስት ዓመት ይበቃሃል። አዲሱ ሲወጣ የአምናው ስለሚረክስ ያን ጊዜ ጠብቀህ አምናውን ግዛ።

አልቲሜት ቲም ከሚባለው፣ የራስህን ቡድን ከምትሰበስብበት ክፍል ግን ራቅ። ተጫዋቾቹ በታሸገ ፓኬት ነው የሚመጡት፤ ማን እንደሚወጣልህ ሳታውቅ ትከፍታለህ። ፓኬቱ ተጫውተህ ባገኘኸው ሳንቲም ይገዛል፣ በኪስህ ገንዘብም ይገዛል። ቤልጂየም በ2018 ይህ ቁማር ነው አለች፤ ኢኤም በ2019 መጀመሪያ ላይ እዚያ አገር የፓኬት መግዣውን ፖይንት መሸጥ አቆመ። ገንዘቡን እንኳ ብንተወው፣ ቅዳሜ ብቻ የምትጫወት ሰው እዚያ ውስጥ የምትገጥመው ሌት ተቀን የሚለማመድ ልጅ ነው። 5 ለ 0 ተሸንፈህ ተናደህ ትተኛለህ። ላንተ የሚሆኑት ኪክ ኦፍ (አንድ ነጠላ ግጥሚያ) እና ካሪየር ሞድ (አንድ ክለብ ይዘህ የምትመራበት) ናቸው። ካሪየር ላይ ሪያል ማድሪድን አትያዝ። የታችኛው ሊግ ክለብ ውሰድና ቀስ ብለህ ገንባ፤ በአንድ ማታ ሁለት ጨዋታ ብቻ ብትጫወትም የሚጎድልብህ የለም።

ፒኢኤስ ለናፈቃችሁ (የፊፋ ተፎካካሪ የነበረው የኳስ ጌም)፦ ኮናሚ በ2021 ኢፉትቦል ብሎ በነፃ ለቆታል። ሲወጣ መሳቂያ ነበር፣ ቀስ በቀስ ተሻሽሏል። ነፃ ስለሆነ አውርዳችሁ ሞክሩት።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። የ9 ዓመት ልጄ "ጓደኞቼ ሁሉ ጂቲኤ አላቸው" እያለ አስቸግሮኛል። ያው ጨዋታ ነው ብዬ ልግዛለት?

መልስ፦ አይሆንም እህቴ። ጂቲኤ 5 ሽፋኑ ላይ ኤም የሚል ፊደል አለበት፤ ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ ማለት ነው። አውሮፓ የሚሸጠው 18 ይላል። ብዙ ወላጅ ይህን ጌሙ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መለኪያ ያደርገዋል፤ "ልጄ ጎበዝ ነው፣ ይችለዋል" ይላል። የሚናገረው ግን ስለ ይዘቱ ነው። ጌሙ ውስጥ ሰውን እየደበደቡና ጥርሱን እየነቀሉ የሚመረምሩበት ክፍል አለ፣ ያውም ጆይስቲኩን ይዞ አሰቃዩ ራሱ ተጫዋቹ ነው። የራቁት ጭፈራ ቤትም አለ። ስድቡን ተዪው።

ልጁ የወደደው ግን ምናልባት ይህን አይደለም። ከተማ ውስጥ እንደልብ መኪና መንዳቱን ነው። ሌጎ ሲቲ አንደርከቨር ግዢለት። ፖሊስ ሆኖ ትልቅ ከተማ ውስጥ ያገኘውን መኪና ይነዳል፣ ሌባ ያባርራል፣ ያየውን ሁሉ ይሰባብራል፤ ደም የለም። ለሁለት ስለሚሆን አንቺም አብረሽው መጫወት ትችያለሽ። ኮንሶሉ ላይ ደግሞ የልጅ አካውንት ክፈቺለትና የዕድሜ ገደብ አድርጊበት። ፓስዋርዱ የልደቱ ቀን አይሁን፤ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ኤልደን ሪንግን ሁሉም ያወድሰዋል። ልግዛው?

መልስ፦ ለአሁኑ አትግዛው። ይህ የፍልሚያ ጌም የ2022 ምርጥ ተብሏል፣ ይገባዋልም። ግን ቀላል ወይም ከባድ ብለህ የምትመርጥበት ነገር የለውም። ፖዝ የሚባል ቁልፍ እንኳ የለውም፤ በር ተንኳኩቶ ከተነሳህ ሰውዬህ ቆሞ ይደበደብልሃል። መሞትና መልሶ መሞከር ካማረህ ሄዲስን ያዝ። አንድ ዙር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ጎድ ሞድ የሚባለውን ካበራኸው ደግሞ በሞትክ ቁጥር የሚደርስብህ ጉዳት በ2 በመቶ ይቀንሳል። ማብራት ነውር አይደለም።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ልጆቼ ስዊች (የኒንቴንዶ ኮንሶል) ገዝተውልኛል። ዓይኔ ደከም ብሏል፣ ጣቴም እንደ ድሮው አይፈጥንም። ለእኔ የሚሆን አለ?

መልስ፦ አለ እንጂ ጋሼ። መጀመሪያ ስዊቹን ከቴሌቪዥኑ ጋር ያገናኙት፤ በእጅ ሲያዝ ጽሑፉ ያስቸግርዎታል። ከልጅ ልጆች ጋር ከሆነ ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ የሚባለው የመኪና ውድድር። መኪናዋ ከመንገድ እንዳትወጣ የሚይዝልዎት ስማርት ስቲሪንግ የሚባል ምርጫ አለው። ነዳጅ ሳይረግጡ ራሷ እንድትሄድም ማድረግ ይቻላል። እርስዎ መሪ ማዞር ብቻ ነው።

ብቻዎን ሲሆኑ ስታርዲው ቫሊ። ኤሪክ ባሮን የሚባል ሰው ብቻውን ሠርቶ በ2016 ያወጣው የእርሻ ጌም ነው። መሬት ይመነጥራሉ፣ ይዘራሉ፣ ያጠጣሉ፣ ዶሮ ያረባሉ። የሚያስቸኩል ጠላት የለም (ዋሻው ውስጥ ካልገቡ)። የጌሙ አንድ ቀን ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ ሴቭ የሚያደርገው ግን ሰውዬው ሲተኛ ነው። ስለዚህ ሳያስተኙት አያጥፉ። ቸኩለው መነሳት ካለብዎት ማብሪያውን አንዴ ነክተው ስዊቹን ያስተኙት፤ ሲመለሱ እዚያው ይጠብቅዎታል።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔቴ ደካማ ነው፣ መብራትም ይሄዳል። አሜሪካ ያለችው እህቴ ፒኤስ 5 ልትልክልኝ ነው። ምን ልወቅ?

መልስ፦ ፒኤስ 5 ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ ትራንስፎርመር አያስፈልግህም። የሶኬት ገመዱን ብቻ እዚህ ቀይር።

መብራት ሲሄድ አደጋው ጌሙ ሴቭ እያደረገ ከነበረ ነው፤ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። አቅም ካለህ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ግዛ፤ በደህና አጥፍተህ ለመነሳት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሬስት ሞድ (ኮንሶሉ ሳይጠፋ የሚያንቀላፋበት) ላይ ትተህ አትተኛ፤ ሙሉ በሙሉ አጥፋው።

ዲስክ ስላለህ ብቻ ደግሞ ኢንተርኔት አያስፈልግም ማለት አይደለም። የ2022ቱ ኮል ኦፍ ዱቲ ሞደርን ዋርፌር 2 ዲስኩ ላይ የነበረው ከ100 ሜጋባይት በታች ነው፤ የቀረው በሙሉ ይወርዳል። እንዲህ ዓይነቱን በእኛ ኢንተርኔት መሞከር ራስን መቅጣት ነው። የፒኤስ 4ቱ ስፓይደርማንና ጎድ ኦፍ ዋር ግን ከዲስኩ ተጭነው ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። አስትሮስ ፕሌይሩም የሚባል ጌም ደግሞ ፒኤስ 5 ውስጥ ተጭኖ በነፃ ይመጣል። ብዙ ሰው አይቶት ያልፋል፤ አንተ ግን ከእሱ ጀምር።

አካውንት ስትከፍት፣ ኢትዮጵያ በፕሌይስቴሽን መደብር የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች የሌላ አገር ትመርጣለህ። እህትህ አሜሪካ ካለች አሜሪካ በለው። የምትልክልህ የስጦታ ካርድም የአሜሪካ ይሁን፤ የሌላ አገር ካርድ አይገባም።

ጥያቄ፦ በበዓል ቤቱ በዘመድ ይሞላል። ጆይስቲክ ይዞ የማያውቅም፣ ጌም ቤት ያደገም አለ። ምን እንክፈት?

መልስ፦ ተከን 8 የሚባለውን የድብድብ ጌም። ሁለት ሁለት እየሆናችሁ፣ የተሸነፈ ይነሳል። በሦስተኛው ተከን ኤዲ የሚባለውን ተፋላሚ ይዞ ያገኘውን ቁልፍ እየደበደበ ጎበዙን ሁሉ ያባረረ አንድ የአክስት ልጅ የሌለው ቤት አለ? ተከን 8 ይህን ስፔሻል ስታይል በሚል ሕጋዊ አድርጎታል፤ አንድ ቁልፍ በመንካት ያማረ ምት ይወጣል። ጀማሪው እንዲያበራው ፍቀዱለት።

ኦቨርኩክድ 2 ለአራት ይሆናል፤ ወጥ ቤት ውስጥ በጥድፊያ ምግብ ማብሰል ነው። በጣም ያስቃል፣ በጣምም ያጣላል። እኔ ለአማችና ለምራት አልመክርም።

ጥያቄ፦ ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ለእኔ ይሆናል? ቀስ ያለ ነገር እወዳለሁ።

መልስ፦ ከወደድክ ይሆናል። የካውቦይ ጌም ነው፤ ዋናው ታሪክ ብቻ 50 ሰዓት ገደማ ነው። መጀመሪያ ላይ በረዶ ውስጥ ያለው ክፍል ያዘግማል፤ ከተራራው እስክትወርድ ታገስ።

ጥያቄ፦ ዊቸር 3ን ግማሽ ላይ ትቼው ብዙ ወር ሆነኝ። ስከፍተው ቁልፎቹም ታሪኩም ጠፍተውብኛል። ከመጀመሪያው ልጀምር?

መልስ፦ አትጀምር። እንደገና ብትጀምር እዚያው ግማሽ ላይ ደርሰህ ትተወዋለህ። ዊቸር 3 ለእንዳንተ ዓይነቱ አስቦበታል፤ ሴቭ ያደረግከው እስኪከፈት ድረስ እስካሁን የሆነውን በትረካ ያስታውስሃል። ያን ጊዜ ስልክህን አትይ፣ ስማው። ከዚያ ክብደቱን ወደ ቀላሉ አውርድና ዋናውን ታሪክ ትተህ አንድ ትንሽ የጭራቅ አደን ውሰድ፤ እጅህ ይመለሳል። ይህን አድርገህም ካልሳበህ ዲስኩን ሽጠው። በዚያ ገንዘብ ላይ ትንሽ ጨምረህ ኢት ቴክስ ቱን ግዛ፤ አብሮህ የሚጫወት ሰው ካለ።