አዲስ ስኪ ከመግዛትህ በፊት የጎማ ትራሱን አውጥተህ እየው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያገለገለ የበረዶ ሞተር ሳይክል ገዝተሃል፤ የፊት ጎማው ወጥቶ በስኪ፣ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ሰፊ የፕላስቲክ ሰሌዳ፣ የተተካ፣ ከኋላ ደግሞ በጎማ ሰንሰለት የሚሄድ ማለት ነው። በተጠቀጠቀ መንገድ ላይ የፊት ስኪው አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየሸሸ ክንድህን አዝሎታል። በስኪው ሆድ ላይ ያለው ሸንተረር ተበልቷል፣ በጅራቱ በኩል ደግሞ የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ አግኝተሃል። ሻጩ «ሰፋ ያለ አዲስ ስኪ ግዛ፣ ይገላግልሃል» ብሎሃል፤ አንተም ልታዝ ነው። እባክህ አንድ ቅዳሜ ብቻ ታገስ። እኔ ያንኑ ምክር ተቀብዬ አዲስ ስኪ ገዝቼ ነበር፤ ችግሩ ግን ከአሮጌው ስኪ ጋር አልሄደም።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ውስጥ ነው። ሞተር ሳይክል መፍታትና መግጠም የተማርኩት አዳማ፣ አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ሲሆን በረዶ ላይ መንዳት ከጀመርኩ ግን ይህ ዘጠነኛ ክረምቴ ነው። አዲሱን ስኪ እንደገጠምኩ ከስቲምቦት ስፕሪንግስ በላይ ወዳለው ራቢት ኢርስ መተላለፊያ ወጣሁ። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,873 ሜትር ነው። ጥልቁ በረዶ ውስጥ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ወደ መኪናዬ ስመለስ ግን ስኖውሞቢል የሚባሉት የበረዶ መኪኖች ሲመላለሱበት የዋሉት መንገድ ላይ ገባሁ፤ ስኪው እንደ ቀድሞው መሸሽ ጀመረ። አንድ መታጠፊያ ላይ ወደ ዛፎቹ ሲወስደኝ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። የከፈልኩት ገንዘብ ሳይሆን እዚያ ዛፍ አጠገብ ቆሜ እጄ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ነው ዛሬ በዝርዝር የሚያስጽፈኝ።

መጀመሪያ ስኪው ለምን እንደሚሸሽ እንነጋገር፤ ይህ ከገባህ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው። ስኖውሞቢል ሁለት ስኪ አለው። አንዱ ቀድሞት ያለፈ መኪና የሠራው ቦይ ውስጥ ቢገባ ሌላው ይመልሰዋል። የእኛ አንድ ብቻ ነው፤ እሱ የሄደበት ሁላችንም እንሄዳለን። በመሃል ያለው ሸንተረር እና ከሥሩ የታሰረው የብረት ዘንግ ጠንካራ በረዶ ላይ የተቀደደ ቦይ ሲያገኙ እንደ ባቡር ሐዲድ ይከተሉታል። ይህ በተወሰነ ደረጃ የማንኛውም ነጠላ ስኪ ጠባይ ነው፤ ፈጽሞ አይጠፋም።

የሚያዝለውና የሚያስፈራው መሸሽ ግን ከዚህ የተለየ ምክንያት አለው። መሪው የሚዞርበትን ዘንግ በሐሳብህ እስከ መሬት ድረስ አስረዝመው። ስኪው በረዶውን አጥብቆ የሚነካበት ቦታ ከዚያ መስመር ወደ ኋላ ከቀረ፣ ስኪው ራሱን እያቀና ይከተልሃል፤ የሱፐርማርኬት ጋሪ የፊት ጎማ ሲገፋ ወደ ኋላ ዞሮ እንደሚከተል ማለት ነው። የስኪው አፍንጫ ወደ ታች ሲደፋ ግን የሚነካበት ቦታ ወደ ፊት ይሸሻል። ያን ጊዜ ራሱን ማቅናቱ ይቀርና ያገኘውን ሁሉ መቆፈር ይጀምራል። ገጠር ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ማረሻው ከልክ በላይ ሲደፋ በሬዎቹም አራሹም ነው የሚሰቃዩት።

አፍንጫው እንዳይደፋ የሚይዘው ደግሞ ከፎርኩ (መሪውን ከስኪው ጋር ከሚያገናኙት ሁለት የፊት እግሮች) በሚወርደው መያዣና በስኪው መካከል የተቀመጠ፣ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ጥቁር የጎማ ትራስ ነው። ማንም አያየውም፤ ሁልጊዜ በረዶ ይሸፍነዋል። እኔም አዲሱን ስኪ ስገጥም አሮጌውን ጎማ ጠርጌ መልሼ ነበር ያስገባሁት።

አሁን ጋራዥህ ውስጥ ይህን ሞክር። የፊቱን ክፍል በማቆሚያ አንሳና ስኪው በአየር ላይ ይንጠልጠል። የስኪውን አፍንጫ በእጅህ ይዘህ ወደ ታች ግፋና ልቀቀው። ጤነኛ ጎማ ይቃወምሃል፤ ስትለቀውም ወዲያው ወደ ቦታው ይመልሰዋል። የኔው እንደ ላላ በር ነበር፤ ወደ ታች ሲወርድ ምንም አልያዘውም፣ ሲመለስም «ኳ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ ስኪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አወዛውዘው። መሪው ሳይንቀሳቀስ ስኪው ብቻ የሚሄድ ከሆነ ስኪውን ከመያዣው ጋር የሚያስረው ዋናው ብሎን ወይም ብሎኑ የሚያልፍበት ቀለበት፣ ቦኮላው፣ ተበልቷል። መሪውና ፎርኩ አብረው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ክፍተት ካሳዩ ደግሞ የመሪው አንገት ኩሽኔታ ነው፤ ያንን ከስኪው በፊት አስተካክል።

ዋናውን ብሎን አውጥቼ ጎማውን ሳየው የኋላው ትከሻ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ እንደ መስታወት ያብለጨልጭ ነበር። ከፊተኛው ትከሻ ጋር ሳስተያየው ወደ ስምንት ሚሊሜትር ዝቅ ብሏል። ጠርዙ ላይ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረበት። ነገሩ ግልጽ ነው፤ አፍንጫው ሲደፋ ጅራቱ ወደ ላይ ይነሳል፣ ተጨቁኖ የሚያልቀውም የጎማው የኋላ ክፍል ነው። አዲስ ጎማ አዝዤ እስኪመጣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ሦስት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ቆርጬ ከኋለኛው ትከሻ ሥር አስገባሁ። በሚቀጥለው እሑድ ያንኑ መንገድ በአንድ እጄ መሪውን እየያዝኩ ተመለስኩ። ቁራጭ የምታስገባ ከሆነ በቀጭኑ ጀምር። ከበዛ ስኪው በጅራቱ ላይ ይቀመጥና መሪው ይከብድሃል።

ሞተር ሳይክሉን ወደ በረዶ ሞተር የቀየረው የስኪና የሰንሰለት ኪት ቲምበርስሌድ የሚባለው ነው ብለሃል። አይዳሆ፣ ሳንድፖይንት የተጀመረው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2015 በስኖውሞቢል አምራቹ በፖላሪስ ተገዝቷል፤ ስለዚህ ጎማውን፣ ቦኮላውንና ዘንጉን በፖላሪስ ወኪል በኩል በመለዋወጫ ቁጥር መጠየቅ ትችላለህ። «የበረዶ ሞተር የፊት ጎማ» ብለህ ብቻ አትዘዝ። የትራሱ ቅርጽ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ የማይገጥም ጎማ በመዶሻ ገብቶ አይቻለሁ፣ ስኪውን አጣሞ ነው ያስቀረው።

ወደ ተበላው ሸንተረር እንምጣ። ከሸንተረሩ ሥር ያለው የብረት ዘንግ ቶንዲኖ የሚመስለው ነው፤ በረዶውን የሚነክሰው ክፍሉ ላይ የተንግስተን ካርባይድ፣ ማለትም ከብረት እጅግ የጠነከረ ማዕድን፣ ቁራጭ በብየዳ ተይዟል። ዘንጉ የተሠራው እንዲያልቅ ነው፤ ፕላስቲኩን ለማዳን ራሱ ያልቃል። ከመጀመሪያ ውፍረቱ ግማሹ ሲቀር ለውጠው። ከአንተ በፊት ሞተሩን የያዘውን ሰው የጎዳው ይህን አለማድረጉ ይመስለኛል፤ ብረቱ አለቀ፣ ከዚያ በኋላ የታረሰው ፕላስቲኩ ነው። ከሁሉ የሚበላው ደግሞ በረዶ አይደለም፤ አስፋልትና ጠጠር ነው። መኪና ማቆሚያው ላይ ሃምሳ ሜትር እየነዱ ወደ ተጎታች መውጣት የአንድ ሙሉ ቀን ጉዞ ያህል ይበላዋል። እኔ ከተጎታቹ ሥር የምዘረጋው አሮጌ ምንጣፍ አለኝ።

ዘንጉን ለመፍታት ስኪውን አውልቀህ አንድ ሌሊት ሙቀት ያለበት ክፍል ውስጥ አሳድረው። ዳዶዎቹ ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጨምርባቸው። በቅዝቃዜ ውስጥ በጉልበት ከታገልከው የዘንጉ ብሎን ከሥሩ ይቆረጣል፤ ያን ጊዜ በትራፓኖ ማውጣት ግዴታ ይሆንብሃል። አዲሱ ዘንግ ሳይገፋ በእጅ መቀመጥ አለበት። ናይለን ያላቸውን ዳዶዎች ደግመህ አትጠቀም፣ አዲስ ግዛ። ረጅም ካርባይድ ያለው ዘንግ ግዛ የሚሉህ ይኖራሉ። በረዷማ፣ መስታወት በመሰለ መንገድ ላይ በእርግጥ አጥብቆ ይነክሳል፤ ነገር ግን መሪውን ያከብዳል፣ የሰው ቦይም አጥብቆ ይከተላል። አንተ አሁን ባለህበት ሁኔታ አጭሩን እመርጥልሃለሁ።

ፕላስቲኩን በሚመለከት አንድ ነገር አጥብቄ እነግርሃለሁ፤ ሙጫ አትሞክር። ስኪው የሚሠራው ፖሊኢትሊን ከሚባለው የፕላስቲክ ወገን ነው። በረዶ የማይጣበቅበት በዚሁ ጠባዩ ነውና ሙጫም አይጣበቅበትም። እኔ ኢፖክሲ የሚባለውን ጠንካራ ሙጫ ሞልቼ፣ አሸዋ ወረቀት መትቼ፣ አምሮ ነበር። የመጀመሪያው ጉብታ ላይ እንዳለ ተገንጥሎ ወደቀ። የሚሠራው በሞቃት አየር መበየድ ነው፤ ያውም ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ በተቆረጠ ዘንግ። ይህ ፕላስቲክ ከ130 ዲግሪ ሴልሺየስ ትንሽ ከፍ ሲል ይለሰልሳል። ጠንካራው ዓይነት ግን ቀልጦ እንደ ሰም አይፈስም፤ በሙቀት ላይ እየጫንክ ነው የምታያይዘው። ስለዚህ ጥልቀት ለሌለው ጉዳት ብቻ ተጠቀምበት። የእሳት ነበልባል አታቅርብበት፤ ላዩ ያርርና ውስጡ ሳይለሰልስ ይቀራል። ሸንተረሩ ዘንጉ የሚቀመጥበት ቦይ እስኪጠፋ ድረስ ከተበላ ግን ብየዳ አያድነውም፤ ያን ጊዜ ስኪው መለወጥ አለበት።

ስንጥቁስ? ቦታው ነው ወሳኙ። መያዣው በሚቀመጥበት መሃል ክፍል ወይም በዋናው ብሎን ዙሪያ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ አውጥተህ ጣለው እልህ ነበር፤ እዚያ የተሰበረ ስኪ ሰውን ከፊት ወርውሮ ይጥላል። ያንተ ጅራቱ ላይ፣ ከመጨረሻው የዘንግ ቀዳዳ በስተኋላ ነው፤ ፎቶው ላይ ወደ ቀዳዳው እንዳልደረሰ ይታያል። ስንጥቁ በሚያልቅበት ጫፍ ላይ አምስት ወይም ስድስት ሚሊሜትር የሆነ ክብ ቀዳዳ ሰርስር፤ ስንጥቁ እዚያ ይቆማል። ከላይ ሦስት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ላሜራ አድርግና በአራት ብሎን እሰረው። የብሎኑ ራስ ከሥር በኩል ፕላስቲኩ ውስጥ ጠልቆ መቀመጥ አለበት፤ ከወጣ በረዶ ላይ እንደ ጥፍር ይጎትትሃል። የላሜራውን ማዕዘኖች በሞረድ አዙራቸው። በዚህ መልክ የጠገንኩት ስኪ ሁለት ክረምት ሰጥቶኛል።

ሰፊውን ስኪ መግዛት መጥፎ ነው እያልኩህ አይደለም። ጥልቅና ደረቅ በረዶ ውስጥ ብዙ የምትነዳ ከሆነ ስፋት እውነተኛ ጥቅም አለው፤ አፍንጫው አይሰምጥም፣ ስትቆምም መነሳት ይቀላል። አንተ ግን አብዛኛው ጉዞህ በተጠቀጠቀ መንገድ ነው ብለሃል። ለዚያ ሁለት ሸንተረር ያለው ስኪ ከስፋቱ ይልቅ ይጠቅምሃል፤ ጭነቱ ለሁለት ስለሚከፈል አንዱ ቦይ ብቻውን አይጎትተውም። ከማዘዝህ በፊት የዋናውን ብሎን ውፍረት፣ የመያዣውን የውስጥ ስፋትና የቦኮላውን ርዝመት ለካና ጻፍ፤ ከሦስቱ አንዱ እንኳ ካልገጠመ መጋጠሚያ ኪት ለብቻው መግዛት ይኖርብሃል።

እንግዲህ በቅደም ተከተል ጎማው፣ ቦኮላውና ኩሽኔታው፣ ከዚያ ዘንጉ፣ ከዚያ ስንጥቁ። ዋናውን ብሎን ስትመልስ ግራሶ ቀባው፤ የማጥበቂያ ልኩን ከመመሪያው ተመልከት። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ከነዳህ በኋላ ቁም፣ በረዶውን ጥረግና የዘንጉን ዳዶዎች በቁልፍ አንድ በአንድ ንካቸው፤ አዲስ ዘንግ ቦታውን ሲይዝ ሁልጊዜ አንዱ ይላላል። የጎማውን የኋላ ትከሻ ፎቶ ከማስመሪያ ጋር አንስተህ ላክልኝ፤ ቁራጭ ይበቃዋል ወይስ አዲስ ያስፈልገዋል የሚለውን እነግርሃለሁ።