«ዋናውን ንገሪኝ» ለተባለችው ነርስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የሰርጂካል ዋርድ ነርስ ነኝ። ከሥራዬ ጎን ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። ሌሊት ለተረኛ ሐኪም ስደውል «ዋናውን ንገሪኝ!» ይለኝና ስልኩን ይዘጋብኛል። አማካሪዬ ደግሞ ፕሮፖዛሌን በቀይ ሞልተው «ሐሳብሽ የት አለ?» ብለው መለሱልኝ። መግቢያውን ልኬልዎታለሁ። ችግሩ እንግሊዝኛዬ ነው? ኮርስ ልግባ? (ከማራኪ)

መልስ፦ ኮርሱን ተዪው፤ ገንዘብሽን ያዢ። ስልክ መዝጋቱ ነውር ነው፤ ለዋርድ ኃላፊሽ ንገሪ። ግን ሐኪሙም አማካሪሽም የጠየቁሽ አንድ ነገር ነው፦ ዋናው ይቅደም። እኛ ደግሞ እንዲያ አላደግንም። ጎንደር ላይ የቤተሰቡን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ደህንነት ሳይጠይቅ ወደ ጉዳዩ የገባ ሰው ያልተቀጣ ይባላል። ቡና ላይ ያምራል። ደም እየፈሰሰው ላለ ሰው ግን አይሆንም።

ስልኩን ከማንሳትሽ በፊት የታካሚውን ካርድ ፊትሽ ዘርጊ። ቫይታል ሳይኑን፣ ማለትም ቢፒውን (የደም ግፊቱን)፣ ፐልሱን (የልብ ምቱን) እና ሌላውንም አሁን ለኪ፤ የማታውን አታንብቢለት። ከዚያ እንዲህ በይ፦

«ዶክተር፣ ከሰርጂካል ዋርድ ነው። አልጋ 7 ያለው ታካሚ ቢፒው 80/50 ወርዷል። ዛሬ ከሰዓት አፔንዲክስ ኦፕራሲዮን ተደርጓል። ፐልሱ 124 ነው፣ የቁስሉ ድሬሲንግ በደም ርሷል። ብሊድ እያደረገ ይመስለኛል። አሁኑኑ መጥተው ይዩልኝ። እስከዚያ ፈሳሽ ልጨምርለት?»

አለቀ። ኤስባር (SBAR) የሚሉት የሪፖርት አሰጣጥ ቅደም ተከተል ይህንኑ ነው፦ ሁኔታው፣ ታሪኩ፣ ያንቺ ግምት፣ የምትፈልጊው። የመጣው ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ነው፤ ሆስፒታል የገባው ቆይቶ ነው። ብዙ ነርሶች ግምቱ ላይ ያፍራሉ። «እኔ ማን ነኝና ብሊዲንግ ነው የምለው?» ይላሉ። ጎንደር ላይ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጁ ሲከፈት እኮ ጤና መኮንኑ፣ የኮሚኒቲ ነርሷና ሳኒታሪያኑ (የአካባቢ ንጽህና ባለሙያው) በቡድን እንዲሠሩ ነበር የሚሰለጥኑት። ምርመራውን ማረጋገጥ የሐኪሙ ነው፤ የሚመስልሽን መናገር ያንቺ ነው። ትእዛዝ ሲሰጥሽ ከነመጠኑ መልሰሽ ንገሪው።

ከዚያ ጻፊው። እዚህ ላይ ሰዓቱ ነገር አለው። «8 ሰዓት ላይ ተሰጠ» የሚል ካርድ ብዙ አይቻለሁ። የማን 8 ሰዓት? የሌሊቱ 8 ሰዓታችን 02:00 ነው፣ የቀኑ ደግሞ 14:00። ተረካቢዋ 08:00 ብላ ካነበበችው ጠዋት 2 ሰዓት ይሆንባታል። በየ6 ሰዓቱ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ የሚደገመው ወይ የሚዘለለው በዚህ ነው። ዋርዳችሁ በአንዱ ይስማማ፤ በቀን አቆጣጠሩም፣ የእኛ ይሁን የፈረንጅ። «ደህና ነው» የሚል ኖት ለማንም አይጠቅምም፤ የለካሽውንና ያየሽውን አስፍሪ። ስትጽፊ ከተሳሳትሽ ማጥፊያ ፍሉይድ አትቀቢ። አንድ መስመር ሰርዢበት፣ ፈርሚ፣ ቀጥዪ።

ወደ ፕሮፖዛሉ። መግቢያሽን አነበብኩት። ከዓለም ተነስተሽ፣ አፍሪካን ዞረሽ፣ ጎንደር የደረስሽው 4ኛው ገጽ ላይ ነው! የምታጠኚው ከኦፕራሲዮን በኋላ ሕመም እንዴት እንደሚመዘገብ ነው አይደል? እሱ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ይምጣ። አንድ አንቀጽ አንድ ሐሳብ ይያዝ፤ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ሐሳቡን ትናገር። ከሰው ጽሑፍ ስትወስጂ አንብቢና ላፕቶፑን ክደኚ። ለጓደኛሽ እንደምታስረጂ በአማርኛ ጻፊው፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ መልሺው፤ ምንጩንም ጥቀሺ። ቃል እየቀያየሩ መገልበጥ ተርኒቲን (የተገለበጠ ጽሑፍ የሚለየው ፕሮግራም) ባይዘው እንኳ አማካሪሽ ያውቁታል። የተጠየቅሽው ቫንኩቨር (ምንጭ በቁጥር የሚጠቀስበት ስልት) ከሆነ ቁጥሩ የሚሄደው በፊደል ተራ ሳይሆን ጽሑፉ ውስጥ በተጠቀሰበት ቅደም ተከተል ነው። በእጅ አትቁጠሪ፤ ዞተሮ የሚባለው የምንጭ ማደራጃ ፕሮግራም በነጻ ይሠራልሻል። አሁን ፕሮፖዛሉ ላይ «መረጃ ይሰበሰባል» ያልሽው ሁሉ ጥናቱ አልቆ ቴሲሱ ላይ «ተሰበሰበ» ይሆናል። ሳይቀይሩት ዲፌንስ የሚገቡ አሉ፣ ጉድ ነው።

አማካሪሽን ደግሞ በቴሌግራም «ሰላም ዶክተር» ብለሽ መልስ አትጠብቂ። ስምሽን፣ ርእስሽን፣ የትኞቹን ገጾች እንዳስተካከልሽ፣ ምን እንደምትጠይቂና እስከ መቼ እንደምትፈልጊው በአንድ መልእክት ላኪ። ፋይሉንም «ፋይናል ፋይናል 2» ሳይሆን በስምሽና በቀኑ ሰይሚው።